አውድማ ላይ ሰላምታ የለም

እህሉ ተወቅቶ ባለቀ ማግስት የከተማችን አዋጅ ነጋሪ ከበሮውን አንግቶ ወደ ገበያው አደባባይ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ሊገኝ እንደማይችል በብዙ ድካም ተረጋግጧል!» ብሎ ተናገረ።

ሕዝቡ እጁን አጣምሮ አዳመጠ። አጠገቤ የቆሙ አሮጊት፣ «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። አንድ ጎረምሳ፣ «ለሁሉም ሰው ነው ወይስ ለሠራተኛ ብቻ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ለበላይ እንደሚቀርብለት ተነገረው። በጥሞና ተበተንን። እኔ አዋጁን ስሰማ ሥራ ረፈደብኝ፤ ይህም የአዋጁን እውነትነት አረጋገጠልኝ።

ነገሩ እንደ ቀልድ እንዳይታያችሁ። በእኛ አገር ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ሥራ፣ ቤተሰብና ጓሮ። ሹማምንቱ «ድስት የሚቆመው በሦስት ጉልቻ ነው» ይላሉ። ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። ከሦስቱ አንዱን ያጎደለ ሰው ጎደሎ ይባላል፤ ጎደሎ ደግሞ ሰርግ አይጠራም፣ ለቅሶም አይደረስለትም።

እኔ ሥራዬ ጥላ መለካት ነው። ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ግንብ የሚጥለውን ጥላ እለካለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ያው ጥላ ወደ ሌላው ጎን ሲዞር እንደገና እለካዋለሁ፤ ልዩነቱ ለሚመለከተው ክፍል ይላካል። ባለቤቴ አትጠገብ የጭስ ተመልካች ናት፤ ማማ ላይ ተቀምጣ ከየትኛው ቤት ጭስ እንደወጣ ትከታተላለች። ብርቄ የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ጓሯችን ውስጥ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዶሮና አንዲት ላም ነበሩን። ጠዋት አልቤ፣ አጠጥቼ፣ ልጅቷን አጉርሼ ቢሮ ስገባ ጫማዬ ላይ እበት ይገኛል። ማታ ጥላ ስቆጥር ውዬ ስመለስ ዶሮዎቹ ጎመኑን ጨርሰውታል። አትጠገብ በር ላይ ትቀበለኛለች።

«ሽንኩርቱን አጠጣኸው?»

«አንቺ አላጠጣሽውም?»

«እኔ ማማ ላይ ነበርኩ!»

«እኔስ የት ነበርኩ? ቤተ መንግሥት?»

ብርቄ መሐላችን ቆማ አንድ ነገር ልትነግረን አፏን ትከፍታለች፤ «ቆይ ልጄ» እንላታለን። ቆይ ልጄ እያልን ልጅቷ ጥርሷን ነቀለች፣ ሌላም አበቀለች።

መላ የተገኘው ከላም ነው። ሦስቱ ጉልቻ መሟላታቸውን የሚቆጣጠሩ አንድ ባለሥልጣን አሉ፤ የመገኘት ሹም ይባላሉ። በዚያ ሰሞን የሳቸው ላም ጥጃዋ ሞተባት። አላቢያቸው እንደ አገሩ ደንብ የጥጃውን ቆዳ በጭድ ሞልቶ ፊቷ አቆመላት። ላሚቱ ቆዳውን እየላሰች ወተቷን ሰጠች። ሹሙ ቆመው አዩ። ቁርሳቸውን ትተው አዩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አስጠሩ።

«ላሚቱ ተታለለች ትላላችሁ» አሉ ሹሙ። «አልተታለለችም። ጥጃዋ አለ። ቦታው ላይ ቆሟልና አለ። ልጅ ከላም ይበልጣል ወይ?»

በእኛ አገር ሹም ለጠየቀው መልስ መስጠት ሹምን ማቋረጥ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፤ ሰው በሦስት ቦታ መገኘት ስለማይችል፣ በየቦታው ተገኚ ያቁም። ተገኚ ማለት የባለቤቱን ልብስ የለበሰ፣ በጭድ የተሞላ፣ ባለቤቱ ሊሆን በሚገባው ቦታ የተቀመጠ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ሰው በየቢሮው ድሮም ነበር፤ ኮቱ ካለ ሰውየው አለ ማለት ነው። አሁን የተጨመረው ጭዱ ብቻ ነው።

የእኛን ተገኚዎች አትጠገብ ሰፋቻቸው። ሦስታችንም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ጭድ እየጠቀጠቅን እስኪያመን ሳቅን።

«ሆዱን ቀንሽው» አልኳት።

«የማንን ሆድ ልስፋልህ? ያንተን ነው የሰፋሁት!»

«ጆሮውን ትልቅ አድርጊለት» አለች ብርቄ።

«ለምን?»

«እንዲሰማኝ።»

ሦስታችን በሥጋችን አንድ ላይ ተቀምጠን የሳቅንበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነበር፤ ያኔ ግን እንደ መጀመሪያ ነው የቆጠርነው።

ነገሩ ከታሰበው በላይ ሰመረ። የጓሮ ተገኚዬ ወፍ አላስደርስ አለ፤ ዶሮዎቹ ኪሱ ውስጥ እንቁላል ይጥሉ ጀመር፤ እኔን እንዲያ አምነውኝ አያውቁም። በቢሮም አለቃዬ በወንበሬ አጠገብ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አዱኛው፣ አሁን ገና ሰው ሆንክ! ረጋ አልክ!» አለው አሉ። በወሩ ዕድገት ተሰጠው። እኔ ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። ቤት ደግሞ ብርቄ ቀኑን ሙሉ በሁለት ወላጆቿ መካከል ተቀምጣ ትውላለች፤ በከተማው ውስጥ እንደሷ የተጠበቀች ልጅ አልነበረችም። ምሳዋን አትጠገብ ጎህ ሲቀድ ሸፍና ትወጣለች።

አንድ ሕግ ብቻ ከባድ ነበር። ሰውና ተገኚው በአንድ ቦታ አብረው ከታዩ መደራረብ ይባላል። የተደራረበ ሰው በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ተገኝቷልና ከሌላው ቦታ ሰርቋል ማለት ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ይመኑ በዚህ ተያዙ። ሚስታቸውን ናፍቀው ቤት ገብተው፣ ከገዛ ተገኚያቸው ጎን ተቀምጠው ሽሮ ሲበሉ ሹሙ ደረሱባቸው። የሌሉ ተባሉ። ተገኚዎቻቸው ተነሱ፣ ጎመናቸው ተነቀለ፣ ወንበራቸው ለሌላ ሰው ጭድ ተሰጠ። እሳቸው ግን ከከተማው አልሄዱም። እስከዛሬ በመንደሩ ይዞራሉ። «እንደምን አደራችሁ?» ይላሉ በየበሩ። የሚሰማ የለም። አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆመው፣ «አዱኛው ወንድሜ፣ እባክህ ስሜን እንኳ ጥራኝ» አሉኝ። ነፋስ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ጭዱ መስመጥ ጀመረ። ጭድ እንደዚያ ነው፤ ሲጠቀጥቁት ይሞላል፣ ሲያድር ይጎድላል። የጓሮውን ነፋስ ይጥለዋል፣ የቤቱን አይጥ ይቀደዋል፣ የቢሮው በተሰጠው ዕድገት ምክንያት ብዙ ሰው ትከሻውን ስለሚመታው ይረግፋል። መስፋት አለ፣ መሙላት አለ፣ ማቃናት አለ። ቢሮ አለሁ፣ ቤት አለሁ፣ ጓሮ አለሁ። ታዲያ አንተ የት ነበርክ የሚለኝ ካለ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ጭድ ተሸክሜ።

ጭዱ ሁሉ ኮት ውስጥ ስለገባ ላሞቹ ከሱ። ወጥ የሚሠራ ስለጠፋ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስም ቀነሰ፤ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። ከማማው፣ ከተማው ንጹሕና ጸጥ ያለ መሆኑ ሪፖርት ተደርጎ ምስጋና መጣ። ሪፖርቱን ያቀረበችው አትጠገብ ትሁን ተገኚዋ አላጣራሁም።

ጭድ የሚገኘው ከከተማው ውጭ ካለው አውድማ ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ጆንያውን ይዞ ወደዚያ ይወጣል። ያን ቦታ ያላየ ሰው ልነግረው ይቸግረኛል። አገር ምድሩ እዚያ ነው፤ ድምፅ ግን የለም። ጭዱ ብቻ ኮሽ ኮሽ ይላል። ሁላችንም በሕግ ሌላ ቦታ ነንና አውድማ ላይ ሰላምታ የለም። የሌለን ሰው እንደምን ዋልክ ማለት እሱንም ራስንም ማስያዝ ነው። ስለዚህ ሰው ከሰው ሲገጥም ፊቱን ያዞራል። አለቃዬን እዚያ አይቼዋለሁ፤ ያን ዕድገት የሰጠኝም የሱ ተገኚ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን አትጠገብን አየኋት። ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጭድ ትቋጥራለች። ግንባሯ ላይ ሽበት ወጥቷል፤ መቼ እንደወጣ አላወቅሁም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። መልሼ ባይ እሷም አዙራለች። ጨዋ ሰዎች ነን።

ግን አልቻልኩም። ጆንያዬን ጥዬ በአቋራጭ ቤት ቀድሜ ገባሁ። አትጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። እንዴት ቀደመችኝ ብዬ አላሰብኩም። «አቲዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ሕጉ ነው እንጂ እኔ መች ጨከንኩ» አልኳት። ዝም። «ቢያንስ ስደቢኝ» አልኳት። ዝም። ትከሻዋን ስይዛት እጄ ውስጥ ኮሽ አለች።

ብርቄ ከጥግ ሆና ታየኝ ነበር።

«አንተ የቱ ነህ?» አለችኝ በትሕትና።

«እንዴት የቱ?»

«የቢሮው ነህ የጓሮው? የቤቱ እንኳ ይኸውና» ብላ ወደ ተገኚዬ አመለከተች።

«እኔ ነኝ አባትሽ፣ ብርቄ።»

«ሁላችሁም እኮ ናችሁ» አለች፤ እንደ ትልቅ ሰው ላለማስቀየም ተጠንቅቃ። «ይኼኛው ግን ቆይ ልጄ አይለኝም። ደግሞ ቶሎ ውጣ፤ ሹሙ መጥተው ሁለት ሆናችሁ ቢያገኟችሁ አባዬን ይወስዱብኛል።» በሩ ላይ ስደርስ ጨመረች፤ «ጭድ ካለህ ጎኑ ፈሷል።»

በነጠላ ዳር ተቋጥሮ ከተሰቀለው ጥቂት ጨመርኩለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው።

ያን ቀን አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ልጄ የኔን ድምፅ ከጭድ እንድትለይ አደርጋለሁ። መንገዱ አንድ ነው፤ ተገኚውን አንስቶ በቦታው መቀመጥ። አንድ ብቻ ከሆንን መደራረብ የለም። ችግሩ ሹሙ ለቁጥጥር ሲመጡ ወስፌ መያዛቸው ነው። ተገኚውን ጎኑን ወጋ ያደርጉታል፤ ጭድ ከሆነ ዝም ይላል፤ ሰው ከሆነ «ወይኔ!» ይላል፤ በተገኚ ቦታ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከመደራረብም የባሰ ነው፣ ስሙ እንኳ ገና አልወጣለትም። ስለዚህ ዝም ማለትን በጓሮ እሾህ ተለማመድኩ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

በተመቸኝ ቀን ተገኚውን ጎተራ ውስጥ ደብቄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ብርቄ ከእንቅልፏ ተነስታ መጣችና ጎኔ ተቀመጠች። ማውራት ጀመረች። ዶሮዋ ስለጣለችው ባለ ሁለት አስኳል እንቁላል ነገረችኝ። እናቷ ሽታዋ እንደተለወጠ ነገረችኝ። ሌሊት ከውጭ ስም የሚለምን ሰው እንደምትሰማና፣ ማንም ሳያያት በበሩ ቀዳዳ «ጋሽ ይመኑ» እያለች እንደምትጠራው ነገረችኝ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስል ሹሙ ገቡ።

«አባትሽ አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

ወስፌው ጎኔ ገባ። ጥርሴን ነከስኩ። ሹሙ ወስፌውን አውጥተው ጫፉን አዩት፣ ልጅቷን አዩ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ያለፈ መሰለኝ። «በደንብ ተሞልቷል» አሉና ወጡ።

«አባዬ ዛሬ ከብደሃል» አለችኝ ብርቄ። ከዚያ አቀፈችኝ። ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆየች። ልቤ እንዳይሰማ ትንፋሼን ያዝኩ። መልሼ ላቅፋት ይገባ ነበር፤ ግን ጭድ አያቅፍም፤ ከታቀፈች ልትጮህ ትችላለች፣ ሹሙም ገና ከደጅ አልራቁም። እንዲህ እያልኩ ሳሰላ እጇን አነሳችና ልትጫወት ወጣች። የጓሮው ተገኚዬ በነፋስ መውደቁን ከውጭ ሰማሁ። በጥድፊያ የቤቱን ከጎተራ አውጥቼ፣ የተቀደደ ጎኑን ሳልሰፋ፣ ቦታው ላይ አስቀምጬው ሮጥኩ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አውድማው እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሲነፍስ ያደረው ነፋስ የከተማውን ተገኚ ሁሉ አጋድሞት ነበርና ሕዝቡ ተንበርክኮ ጭድ ያፍሳል። አለቃዬ አለ። አትጠገብ በዚያ ዳር አለች። የመገኘት ሹሙም ካባቸውን አጥፈው መሬት ላይ አኑረው፣ ጆንያቸውን በጥርሳቸው ይዘው ያፍሳሉ። በሕግ ማንም አላያቸውም።

ከአውድማው ጥግ የልጅ እግር ኮቴ ሰማሁ። ልጅ እዚያ መጥቶ አያውቅም።

ብርቄ ነበረች። የቤቱን ተገኚ ልታስሞላ ተሸክማው መጥታለች፤ ግን በተቀደደው ጎኑ መንገድ ለመንገድ ፈስሶ አልቋል። የተረፈው የኔ ኮት ብቻ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ እጅጌው አፈር ይጠርጋል። ኮቱን አየችው፤ እኛን አየችን። ያ ሁሉ ሰው ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ። አፌን ብከፍት ነገ ጋሽ ይመኑ ነኝ፤ ወንበሬ ይሄዳል፣ ጎመኔ ይነቀላል፣ ቤቴ ብገባ ልጄ እንኳ እንድትሰማኝ አይፈቀድላትም። ባልከፍት፣ ልጄ ከዚህ ወዲያ አባት ብላ የምትጠራው ባዶ ኮት ነው። ይህን እያመዛዘንኩ ሳለሁ ተጣራች።

«አባዬ!»

«ወዬ!» አልኩ። ማለቴን ያወቅሁት ካልኩ በኋላ ነው። ድምፄን ግን ለይቼ አልሰማሁትም። ከአውድማው ዳር እስከ ዳር ወንዱ ሁሉ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ በአንድ አፍ «ወዬ!» ብሎ ነበር። ሹሙም ብለዋል። እንዲያውም የሳቸው ትንሽ የቀደመ መሰለኝ፤ ጆንያው ከአፋቸው ወድቆ ነበር።

አላልኩም ያለ የለም። ሰው ጎን ለጎን ተያየ፤ ሰላም ሊል አፈረ፣ ላይልም አልቻለም።

ብርቄ ኮቱን አጥፋ መሬት ላይ አኖረችው። ከዚያ በጥግ ከቆመው ሰው ጀመረች። ፊቱ ቆማ ወደ ላይ አየችው፤ ሰውየው እንድታየው ጎንበስ አለላት። ጉንጩን ነካችው፤ ኮሽ ይል እንደሆነ አዳመጠች፤ ራሷን ነቀነቀችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ሴቶቹ ጭዳቸውን ጥለው ቀረቡ። አትጠገብ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ከኔ ላይ አልተነቀለም። የሹሙ ተራ ሲደርስ ጢማቸው ላይ የተጣበቀውን ጭድ በችኮላ አራገፉና ተንበረከኩላት። ዳሰሰቻቸው። አለፈቻቸው። እሳቸው ግን ሳይነሱ እንደተንበረከኩ ቀሩ።

ፊቱን ያዞረ አልነበረም። እኔም ተራዬን ጠበቅሁ።